ቢጫ ተከላካዮች

ማክሰኞ፣ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ በጉለሌ፣ ከቁስቋም ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ባለው የእድር አዳራሽ ውስጥ፣ ሁለት ሽማግሌዎች የቅርጫት ኳስን ጨዋታ ከሥሩ ለወጡት። እንዲህ ያለ ነገር የማድረግ አሳብ አልነበራቸውም፤ የመጡት ሁለት ጎረቤታሞችን ለማስታረቅ ነበር።

ነገሩ የተነሣው ቅዳሜ ዕለት በልምምድ ሰዓት ነው። የሰፈሩ የሴቶች ቡድን ለሁለት ተከፍሎ ሲጫወት፣ ሰርካለም ሙኒያን ልታግድ እጇን ስትዘረጋ ክርኗ የሙኒያን አፍንጫ አገኘው። ደም ፈሰሰ። ልጆቹ እዚያው ይቅር ተባብለው፣ በዳይዋ የተበዳይዋን አፍንጫ በቀዝቃዛ ውሃ አጥባ፣ ተቃቅፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እናቶቻቸው ግን በአንድ ግቢ ለዓመታት አብረው የኖሩ፣ ጨውና ክብሪት ሲዋዋሱ ያረጁ ሴቶች ናቸውና ነገሩን እንዲህ በቀላሉ ሊያልፉት አልሆነላቸውም። የሙኒያ እናት ወይዘሮ ሀያም፣ «ልጄን ያሳደግኋት ለክርን አይደለም» አሉ። የሰርካለም እናት ወይዘሮ ታየች ደግሞ፣ «አፍንጫዋን እዚያ ድረስ ማን አምጪው አላት?» ሲሉ መለሱ። እሑድ በግቢው ያለው የልብስ ማስጫ ገመድ ለሁለት ተከፈለ። ሰኞ ሰላምታ ቀረ። ማክሰኞ ሽማግሌ ተቀመጠ።

ሽማግሌዎቹ ጋሽ ዓምሃና ሐጂ ሳቢት ናቸው። ጋሽ ዓምሃ ዕድሜያቸውን በሙሉ የከተማ አውቶቡሶችን መነሻና መድረሻ ሰዓት ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ዛሬም የዘገየ ሰው ሲያዩ ዓይናቸው ወደ እጅ ሰዓታቸው የሚሄድ ሰው ናቸው። ሐጂ ሳቢት አዲሱ ገበያ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ ይነግዳሉ፤ ንግግራቸው አጭር፣ ዝምታቸው ረጅም ነው። ከፊታቸው ሁለቱ እናቶች፣ በእናቶቹ መካከል ደግሞ የቡድኑ አሠልጣኝ ሰምሀል ተቀምጣለች። ሰምሀል የሃያ አራት ዓመት ወጣት ናት። በስፖርት ሳይንስ ከክፍሏ አንደኛ ሆና ተመርቃለች፤ በሚገባ ከታቀደ ልምምድ የሚያመልጥ ችግር በዓለም ላይ የለም ብላም ከልቧ ታምናለች።

«ውሳኔያችን እንዲህ ነው» አሉ ጋሽ ዓምሃ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ከዛሬ ጀምሮ በልምምድ ላይ አንዷ የሰፈር ልጅ ሌላዋን እንዳታግድ፣ እንዳትጋፋ፣ እንዳትነካ።»

ሰምሀል ክፍል ውስጥ ያለች ይመስል እጇን አወጣች። «ጋሽ ዓምሃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ተከላካይ የሌለበት ልምምድ እኮ ልምምድ አይባልም።»

«ልጄ፣ ቅርጫቱ የት ነው የተሰቀለው?»

«ላይ።»

«ኳሱስ በምንድን ነው የሚያዘው?»

«በእጅ።»

«ታዲያ ላይ ለተሰቀለ ነገር ታች ምን ያጋፋል?»

ሐጂ ሳቢት ጢማቸውን እያሻሹ ረጅም ጊዜ አሰቡና፣ «ወላሂ፣ መልስ የለውም» አሉ።

እናቶቹ ተሳሳሙ፤ ምርቃት ወረደ፤ አሜን ተባለ። አሜን የተባለበትን ነገር መልሶ መክፈት ደግሞ በዚያ ሰፈር ታይቶ አያውቅም።

ሰምሀል ከአዳራሹ ስትወጣ የቀሯትን ቀናት በጣቷ ትቆጥር ነበር። ቡድኗ በዚያ ዓመት አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። የወጣት ማዕከሉ ኃላፊ አቶ ስለሺ፣ ክፉ ሰው ሆነው ሳይሆን ያላቸው ሜዳ አንድ ብቻ በመሆኑ፣ ቁርጡን ነግረዋታል፦ የካቲት 1 ቀን እሑድ በሚደረገው ጨዋታ ልጆቹ ካላሸነፉ፣ የሜዳ ሰዓታቸው ተራ ለሚጠብቁት ወንዶች የመረብ ኳስ ተጫዋቾች ይሰጣል። ሰዓቱ ከሄደ ቡድኑም ይሄዳል። ለእነዚያ ልጆች ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚስቁባትና ማንም «ቀስ በይ፣ አንቺ ሴት ነሽ» የማይላቸው ጊዜ ያቺ የሜዳ ሰዓት ብቻ ናት። ሰምሀል ይህን የምታውቀው ስለተማረችው ሳይሆን፣ በእነሱ ዕድሜ እንዲህ ያለ ሰዓት ስላልነበራት ነው።

ተከላካይ የሌለበት የመጀመሪያው ልምምድ የሚያሳዝን ነበር። ልጆቹ ኳሱን እያነጠሩ ወደ ቅርጫቱ ይሄዳሉ፤ ይወረውራሉ፤ ከገባ ያጨበጭባሉ፤ ካልገባም ያጨበጭባሉ።

«ኮች» አለች ቤዛዊት፣ ከቡድኑ በቁመት አጭሯ፣ በምላስ ረጅሟ፤ «ይሄ ልምምድ ነው ወይስ የሙሽራ ፎቶ ፕሮግራም?»

«ዝም ብለሽ ተጫወቺ።»

«ከማን ጋር? ከአየሩ ጋር? አየሩ እኮ ሰላም ብሎ ነው የሚያሳልፈኝ።»

ሰምሀል ፊሽካዋን ነፍታ ልምምዱን በተነች። መልሱን ያገኘችው በማግስቱ ጠዋት አዲሱ ገበያ ታክሲ ስትጠብቅ ነው። አንድ ሚኒባስ መጥቶ ሲቆም ሰው ሁሉ ሮጠ። ቢሮ ገቢው ቦርሳውን ታቅፎ፣ ተማሪዋ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ዶሮ በእጃቸው ያንጠለጠሉ አንዲት እናት ደግሞ ከሁሉም ቀድመው። ሰምሀል ልብ ብላ አየች። ከፊታቸው ቆሞ የሚያግዳቸው ሰው አልነበረም። ያስሮጣቸው የመቀመጫው ማነስ ነው። ረዳቱ «ሞላ!» ብሎ በሩን ሲወረውረው፣ እሷ ሳትሳፈር ቀርታ መንገዱ ዳር ብቻዋን ትስቅ ነበር።

ሐሙስ ዕለት «ታክሲ» የሚባለው ልምምድ ተወለደ። ለእያንዳንዷ ልጅ የራሷ ኳስ ተሰጣት፤ ማንም ከማንም እንዳይነካካ ለእያንዳንዷ የራሷ መስመር በኖራ ተሰመረላት። ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ እያነጠሩ ይበራሉ፤ ያስቆጥራሉ፤ ይመለሳሉ። መቀመጫው ሦስት ብቻ ነው። ቀድመው የደረሱት ሦስቱ ተቀምጠው ውሃ ይጠጣሉ፤ የቀሩት ትንፋሽ ሳይሰበስቡ ለሚቀጥለው ታክሲ ይሮጣሉ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ በሜዳው ላይ የሚያጨበጭብ ሰው አልነበረም። ቤዛዊት እንኳን ለመናገር የሚበቃ ትንፋሽ አጥታ ሁለት ጣቷን ብቻ አነሣች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ግን ማንም አልተረዳም።

በዚያው ቀን ጋሽ ዓምሃ ነጭ የፕላስቲክ ወንበራቸውን ይዘው መጡ። «ውሳኔው መከበሩን ላይ ነው የመጣሁት» አሉና አጥሩ ሥር ተቀመጡ።

«ጋሽ ዓምሃ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ» አለች ቤዛዊት፣ ትንፋሿ መለስ ሲልላት። «የሰርካለምን ጥላ ብረግጥ ውሳኔ አፈረስኩ ይባላል?»

ጋሽ ዓምሃ ጉዳዩን በቁም ነገር መረመሩት። «ጥላዋ ካላመማት አይባልም።»

ለመቆጣጠር የመጡት ሰው ግን ብዙም ሳይቆዩ መቀመጥ ተሳናቸው። አርባ ዓመት ሰዓት የተቆጣጠሩ ሰው ናቸውና መዘግየት ሲያዩ ደማቸው ይፈላል። «አንቺ ልጅ!» ብለው ሰርካለም ላይ ጮኹ። «የምትሮጪው ለኳስ ነው ወይስ አስክሬን ልትሸኚ? ሊሞላ ነው! ሊሞላ ነው! ሞላ!» በማግስቱ ፊሽካውን ከሰምሀል ተዋሱ፤ ከዚያ በኋላ አልመለሱትም።

የቀረው፣ ልጆቹ በሰው መካከል መታጠፍን የሚለማመዱበት መንገድ ነበር። ሰምሀል ባዶ ጀሪካኖችን ደርድራ ሞከረች፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ግን ተከላካዮቹን እያንከባለለ እስከ አስፋልቱ ወሰዳቸው። ውሃ መጨመር ግድ ሆነ። ውሃ ደግሞ በዚያ ዳገት በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ እያንዳንዱ ቢጫ ጀሪካን የአንድ ቤት ራትና እግር ማጠቢያ ነው። እናቶቹ ብዙ ካቅማሙ በኋላ አንዲት ጠብታ እንዳትፈስ አስጠንቅቀው ፈቀዱ። ወይዘሮ ታየች ሦስቱን ጀሪካኖቻቸውን ራሳቸው ተሸክመው መጥተው፣ እያንዳንዱን መታ መታ አድርገው ለሰምሀል አስረከቡ፤ ሲመለሱም ሁለት ጊዜ ዞረው አዩ።

ችግሩ ክዳኖቹ ነበሩ። በላስቲክ ታስረው እንኳን ያፈስሳሉ። ስለዚህ ሰምሀል አንድ ሕግ አወጣች፦ ጀሪካን የጣለች ልጅ ወዲያው ቆማ፣ ኳሷን አስቀምጣ፣ ጀሪካኑን በሁለት እጇ አንሥታ፣ ክዳኑን ጫን ጫን አድርጋ ካላጠበቀች በስተቀር አትቀጥልም። ሌላዋም ብትሆን በአጠገቧ የወደቀ ካየች አታልፍም። «የወደቀ ይነሣ!» እያለች ቀኑን ሙሉ ትጮሃለች። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ልጆቹ እንዲህ ሠለጠኑና ጀሪካን መሬት ሳይነካ መቅለብ ጀመሩ። ሰምሀል ይህን አይታ ደስ አላት። ፍጥነት ነው፣ ትኩረት ነው አለች በልቧ። መጽሐፍ የሚጻፍበት ዘዴ መሰላት።

የካቲት 1 ቀን፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ሰፈሩ በሙሉ በሜዳው ዙሪያ ቆመ። ቅዳሴ ያስቀደሱት ነጠላቸውን እንደለበሱ መጡ፤ ሱቅ ያላቸውም ሱቃቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው መጡ። ወይዘሮ ታየችና ወይዘሮ ሀያም በአንድ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ተጋጣሚዎቹ ከሌላ ክፍለ ከተማ የመጡ፣ ሰማያዊ ማሊያ የለበሱ፣ ቁመታቸው ቀና ተብሎ የሚታይ ልጆች ናቸው።

ጨዋታው ሲጀመር ቁመታቸው አልጠቀማቸውም። የሰምሀል ልጆች ኳሱን ባገኙ ቁጥር ሰማያዊዎቹ ተሰልፈው መከላከል ሳይጀምሩ ከቅርጫቱ ሥር ይገኙ ነበር። ተከላካይ በሌለበት የተለማመደ ቡድን ተከላካይ የማይደርስበትን ጨዋታ ተጫወተ። ሙኒያ አስቆጠረች፤ ሰርካለም ደገመች፤ ቤዛዊት በረጃጅሞቹ ብብት ሥር አልፋ ሠለሰች። ልዩነቱ አሥር ሲደርስ ጋሽ ዓምሃ ወንበራቸው ላይ ቆመው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው «ሞላ! ሞላ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። አቶ ስለሺ እንኳን እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ከዚያ የሰማያዊዎቹ ሰባት ቁጥር፣ ሹሩባ የተሠራች ረጅም ልጅ፣ ሰርካለምን ልትቀድም ስትል አንሸራተታትና ወደቀች።

ሰርካለም ቆመች። ኳሱን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። ልጅቱን በሁለት እጇ ብብቷን ይዛ አነሣቻት፤ ቀጥ አድርጋ አቆመቻት፤ ከዚያም መዳፏን በአናቷ ላይ አድርጋ ጫን ጫን አደረገቻት። ልጅቱ ዓይኗን አፍጥጣ አየቻት። ሰርካለም ኳሷን ፍለጋ ስትዞር፣ ኳሱ በሌላው ጫፍ በራሷ ቡድን ቅርጫት ውስጥ እያለፈ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው?!» ብላ ጮኸች ሰምሀል።

«ወደቀቻ!» አለች ሰርካለም፣ ሌላ ምን ሊደረግ ይቻላል በሚል ድምፅ።

ቀጥሎ አራት ቁጥር ወደቀች፤ ሙኒያና ቤዛዊት ከሁለት በኩል ደርሰው አነሧት። ቀጥሎ ሁለት ተጋጭተው ወደቁ፤ አምስቱም ተረባርበው አነሡ፤ አንዷማ ማሊያ ሁሉ አራገፈችላቸው። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ግራ ገብቶት ቆመ፤ የወደቀ ሰው ማንሣትን የሚከለክል ሕግ አያውቅም። የሰማያዊዎቹ አሠልጣኝ ግን ግራ አልገባትም። ልጆቿን ጠርታ አንድ ነገር ሹክ አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ሰማያዊዎቹ እንደበሰለ ሾላ ይረግፉ ጀመር። አንዷ ስትወድቅ የሰምሀል ልጆች ይሰበሰባሉ፤ የቀሩት አራቱ ሰማያዊዎች ሄደው ያስቆጥራሉ። የአሥር ነጥብ ብልጫ ቀለጠ። እረፍት ሲወጣ በስድስት ነጥብ ይመሩ የነበሩት ሰማያዊዎቹ ናቸው።

ጋሽ ዓምሃ አጥሩን ዞረው መጡ። «አንቺ ሰምሀል! እነዚህን ልጆች ምንድን ነው ያስተማርሻቸው?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ እንዳይነኩ ያሉት?»

«እኔ አትንኩ አልኩ እንጂ እቀፉ አልኩ?»

«ምግባሩስ መልካም ነበር» አሉ ሐጂ ሳቢት ከኋላ። «ውጤቱ ነው ያስቸገረው።»

«ኮች» አለች ቤዛዊት፣ ላቧን በማሊያዋ ጠርጋ፤ «አትቆጪን እንጂ። ስንት ቀን ሙሉ የወደቀ ይነሣ፣ የወደቀ ይነሣ ስትዪ ከርመሽ! እኔ እኮ ትናንት ታናሽ ወንድሜ አልጋ ላይ ጋደም ሲል ብድግ አድርጌ አቁሜዋለሁ።»

ልጆቹ ሳቁ። ሰምሀል መሳቅ አቃታት። አግዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጡትን ፊቶች አየች፤ ካሸነፉ በኋላ ስለሚመጣው የማክሰኞ ልምምድ ሲያወሩ ሰምታቸዋለች። ልትናገር ያለችውን ነገር ግን በምንም ትምህርት ቤት አልተማረችም፤ በቤቷም የተባለ አይደለም። ወድቆ ያየኸውን እለፈው ብሎ የሚያስተምር አስተማሪ እሆናለሁ ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

«ስሙኝ» አለች በመጨረሻ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እነዚህ ጀሪካን አይደሉም፤ ውሃቸው አይፈስም። ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ የወደቀ ይቆይ። ፊሽካው ሲነፋ ግን ሁላችንም ሄደን እናነሣለን፤ የእነሱንም፣ የእኛንም። አንድም ሰው መሬት ላይ አይቀርም። ቃል?»

«ቃል!» አሉ።

ቃሉ ለእነሱ ቀለላቸው፤ እሷን ግን ምላሷ ላይ ጎመዘዛት።

በሁለተኛው አጋማሽ ሰማያዊዎቹ መውደቃቸውን ቀጠሉ። የሚያነሣቸው ግን አጡ። ወድቀው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ትንሽ ጠብቀው፣ እያፈሩ በራሳቸው ይነሡ ጀመር። ሰርካለም አንዷን አልፋ ስትሮጥ ጥርሷን ነክሳ፣ ዓይኗን ወደ ሰማይ አድርጋ ነበር። ቤዛዊት ደግሞ ባለፈች ቁጥር «መጣሁ እሺ፣ ቆይ መጣሁ» እያለች ታልፋለች። ልዩነቱ ጠበበ፤ ሰፋ፤ እንደገና ጠበበ። ጃንጥላው ሥር የተቀመጡት እናቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ማን የማንን እጅ እንደሚጨምቅ እስኪጠፋቸው ድረስ ተጨናንቀዋል።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሰማያዊዎቹ በአንድ ነጥብ ይመሩ ነበር፤ የሰምሀል ልጆች ኳሱን አስጣሏቸው። ኳሱ ሙኒያ እጅ ገባ። ከፊቷ ሰባት ቁጥር ብቻ ነበረች። ሙኒያ ወደ ግራ ጎንበስ ብላ ወደ ቀኝ ታጠፈች፤ ስንቱን ቢጫ ጀሪካን ያለፈችበት መታጠፍ ነው። ሰባት ቁጥር ልትከተላት ስትዞር እግሯ ከሥሯ ታጠፈና በጎኗ ወደቀች። አወዳደቋ የእስካሁኑን አይመስልም ነበር። ድምፅ አልነበረውም፤ ቀና ብላም ማን እንደሚመጣ አላየችም።

የሙኒያ ወገብ ትንሽ ጎበጠ። ባዶ እጇ ወደ ታች ሄደ። ሰምሀል አየችው፤ ሰፈሩ ሁሉ አየው።

«ሙኒያ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ዓምሃ፤ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «ሊሞላ ነው!»

ሙኒያ እጇን ሰበሰበች። የተዘረጉትን እግሮች ዘልላ አለፈች፤ ሮጠች፤ ወረወረች። ኳሱ ቀለበቱን አንድ ጊዜ ዞረው፤ ለመግባትም ለመውጣትም እንደሚያመነታ ሰው ጠርዙ ላይ ቆየ፤ ከዚያ ገባ። ፊሽካው ተነፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ሊናገር የሚችል ሰው በጉለሌ አይገኝም። ጃንጥላው ወደ ሰማይ ተወረወረ። ወይዘሮ ታየች ሙኒያን፣ ወይዘሮ ሀያም ሰርካለምን አቅፈው ያለቅሳሉ። ሐጂ ሳቢት ሰው ሁሉ እስኪደነቅ ድረስ ረጅም ንግግር ጀመሩ፤ የሚሰማቸው ግን አልነበረም። ጋሽ ዓምሃ ፊሽካቸውን ያለማቋረጥ ይነፋሉ። አቶ ስለሺ ሕዝቡን ገፍተው ሰምሀል ዘንድ ደረሱና በጆሮዋ፣ «ሰዓቱ የእናንተ ነው፤ ማክሰኞ በሩን እኔው ራሴ እከፍትላችኋለሁ» አሏት። ሰምሀል አለቀሰች። ልጆቹ ከየአቅጣጫው መጥተው ከበቧት፤ ብድግ አድርገው ተሸከሟት፤ ቤዛዊት በትከሻ መካከል ጭንቅላቷን ብቻ አውጥታ ሰፈሩን ታዘፍናለች።

ሰማያዊዎቹ በሌላው ጫፍ ዳኛውን ከበው፣ ሰዓቱ ቀድሞ አልቋል እያሉ ይከራከራሉ። ሰምሀል ከተሸከሟት ልጆች ራስ በላይ ሜዳውን አየች። በመካከሉ፣ በኖራው መስመር ላይ፣ ሰባት ቁጥር ቁርጭምጭሚቷን በአንድ እጇ ይዛ ተቀምጣለች። ሌላውን እጇን ወደ ላይ ዘርግታለች። ሰምሀል ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየች፤ ፊሽካው ለአፍታ ጋብ ሲል ደግሞ ድምፁን ሰማችው። አንዷ ልጅ ትሄዳለች ብላ አሰበች። ቃል ተገባብተናል፤ እንዴት አትሄድም? እንዲያወርዷት ትከሻቸውን መታ መታ አደረገች፤ እነሱ ግን ደስታ መስሏቸው ከፍ አድርገው ወረወሯት።

«እህቶቼ» አለች ሰባት ቁጥር፣ እጇን እንደዘረጋች፣ «እባካችሁ፣ አንዳችሁ እጅ ስጡኝ።»